እድርና የሠራተኛ ማኅበር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ነው።

ከሰሚት ብዙ ሳይርቅ ቦሌ ለሚ የሚባል የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ልብስና ጫማ ሲሠራበት ቆይቷል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ።

እስቲ እናስብ። አንዷ ብትታመም ማን ይደርስላታል? ያለ አግባብ ከሥራ ብትባረርስ ማን ይሟገትላታል? የመጀመሪያው ጥያቄ የእድር ነው። ሁለተኛው የሠራተኛ ማኅበር ነው።

በአገራችን ታሪክ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ድሮ የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። የፋብሪካ ሠራተኞች ግን እድርና መረዳጃ ነበራቸው። ለሕመምና ለቀብር የሚዋጣው ገንዘብ ሰውን አሰባሰበ። የተሰበሰበ ሰው ደግሞ ስለ ደመወዙም ይነጋገራል፤ አይደለም እንዴ?

በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በማኅበር መደራጀትን ፈቀደ። በ1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ወጣ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር አብርሃም መኮንን ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ የመጡ ነበሩ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ማኅበሩ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው አራት ቀን ቆየ፤ መንግሥትም ለመደራደር ተገደደ።

ልብ በሉ! እድር ያስተዛዝናል፤ ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት ግን መፈረም አይችልም። ይህ የሠራተኛ ማኅበር ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156፣ 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። ለምትወልድ ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል።

ሕጉን ያላወቀች ሴት ግን በምን ትጠይቃለች? እዚህ ላይ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ይረዳሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተቋቋመበት ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። የሕግ ባለሙያው ያስረዳል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ይደራደራል፣ እድሩ በችግር ቀን ይደርሳል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ የሥራ ውሉን ሳያነብ አይፈርምም። በሉ፣ ይህን ጽሑፍ ላላነበበ አንብቡለት። ደህና ሁኑ።