ለቀድሞ ተማሪዎቼ የማግኒዥየም ዕዳ አለብኝ

ዲላ ያስተማርኳችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ!

«ዓይናችሁን እንዳትተክሉባት» እያልኩ ያቃጠልኳትን የማግኒዥየም ጥብጣብ ታስታውሳላችሁ? ያን ቀን አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ሌላ ዱቄት ቢቀላቀልበት ይጠነክራል?» ሲለኝ «ባዕድ ነገር ከገባበትማ ይሰባበራል» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማግኒዥየምን በ1808 በኤሌክትሪክ የለየው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። ትልቁ ጸጋው ቅለቱ ነው፤ የአንድ ሊትር ይዘት ያለው ብረት ወደ 7.9 ኪሎ ሲመዝን፣ ማግኒዥየም 1.7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የአሮጌዋ ቮልስ የሞተር አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ ይሠራ የነበረው። አዎ፣ ያቺው አዲስ አበባ ውስጥ የምናውቃት ቮልስ! ችግሩ፣ ንጹሑ ማግኒዥየም ለስላሳ ነው፤ ቅይጡም ብዙ ሲግል ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለቃል።

ለምን ይጎብጣል? በ1934 ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በየፊናቸው መልሱን አገኙ። የአተሞቹ ረድፍ ሁሉ ባንዴ አይንሸራተትም፤ በመካከላቸው ያለ እንከን ነው የሚጓዘው። ትልቅ ምንጣፍ ከመጎተት ይልቅ አንድ እጥፋት ሠርቶ እጥፋቱን መግፋት እንደሚቀለው ማለት ነው። እጥፋቱ መንገድ ላይ ሚስማር ብትመቱ ግን ይቆማል። ናኖ ቅንጣት ያ ሚስማር ነው።

ታዲያ ዱቄቱን ጨምሮ ማማሰል አይበቃም? የቡላ ገንፎ የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ ይጓጉላል! በቀለጠ ማግኒዥየም ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ስንጥቁም ከጓጎለበት ይጀምራል። (እዚህ ላይ እኔም ትንሽ እውነት ነበረኝ!)

በ2015 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ጥቂት የሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣት የያዘ የማግኒዥየምና የዚንክ ቅይጥ ወስደው፣ ብረቱን በከፊል በማትነን የቅንጣቱን ድርሻ 14 ከመቶ አደረሱት፤ ሳይጓጉል፣ በእኩል እንደተበተነ። ከክብደቱ አንጻር ጥንካሬው በጣም ከፍተኛ መሆኑንም ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተሙ።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሰነጣጠቅ እያየሁ ያደግኩ ሰው ቢያንስ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን የማላውቀውን ስጠየቅ «እስቲ አብረን እንፈልገው» ነው የምለው።

መልካም ሰንበት!