የጠረጴዛ ኮምፒውተር የውስጥ ሙቀትና የማራገቢያ ፍጥነት ክትትል

በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚገኙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ቀኑ ሲሞቅ በድንገት የመጥፋት ወይም የመንቀርፈፍ ችግር ይታይባቸዋል። ጠዋት ያለ እንከን ሲሠራ የቆየው መሣሪያ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ጥቂት አርፎ ሲበራ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቱም ችግሩን በመብራት መቆራረጥ ወይም በቫይረስ ያሳብብና ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ያስጭናል። ያልተቀመጠው የአርሶ አደሩ የማዳበሪያ ምዝገባ ወይም የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ጠፍቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጠባይ በአብዛኛው የሙቀት ምልክት ነው፤ መጠኑንም ኮምፒውተሩ ራሱ በቁጥር ያሳያል።

ኮምፒውተር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚያመነጩት ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ከጥፍር እምብዛም በማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ላይ 65 ዋትና ከዚያ በላይ ሙቀት ሲፈጠር፣ ሙቀቱን በፍጥነት ወስዶ ወደ አየር የሚበትን ነገር ያስፈልጋል። ሥራው የሚከናወነው በሦስት አካላት ቅብብል ነው፦ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት፣ ክንፍ ክንፍ ያለው ሙቀት መምጠጫ ብረትና በላዩ የሚሽከረከረው ማራገቢያ። ከሦስቱ አንዱ ሲደክም ሙቀቱ ይጠራቀማል።

በዘመናዊ ፕሮሰሰር ውስጥ የሙቀት ዳሳሾች አብረው ተሠርተው ይገኛሉ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዳሳሹ የሚናገረው ሙቀቱን በቀጥታ ሳይሆን ከተፈቀደው ጣሪያ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ ዳሳሹ «40 ይቀረኛል» ካለ፣ የክትትል ፕሮግራሙ አስልቶ 60 ብሎ ያሳያል። ስለዚህ ንባቡ ይበልጥ ትክክል የሚሆነው ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚታየው ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ቢዛባ አያስደንቅም። የብዙዎቹ የቅርብ ዓመታት ኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ፣ የኤኤምዲ ራይዘኖቹ ደግሞ በአብዛኛው ከ90 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሙቀቱ ጣሪያውን ሲነካ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ይከላከላል፤ ይህም ሳይበቃ ሲቀር ኮምፒውተሩን ያጠፋል። ይህ ጥበቃ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ሥራ ላይ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ማቀዝቀዣውን አንሥቶ የተቀረጸ ምስል አሳይቶ ነበር። ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሲተርፍ፣ የዚያ ዘመን የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮች ጢስ እያወጡ ተቃጥለዋል። ዛሬ ሁለቱም አምራቾች ጥበቃውን ያካትታሉ። በመሆኑም ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሳይሆን ራሱን እያዳነ ሊሆን ይችላል።

የማራገቢያው ፍጥነት የሚለካው በደቂቃ በሚዞረው ዙር ነው። አራት ሽቦ ያለው ማራገቢያ አንዱን ለመሬት፣ አንዱን ለ12 ቮልት፣ ሦስተኛውን ለፍጥነት ንባብ፣ አራተኛውን ለፍጥነት መቆጣጠሪያ ይጠቀምበታል። በሦስተኛው ሽቦ ማራገቢያው በአንድ ዙር ሁለት ምት ይልካል፤ ማዘርቦርዱም ምቱን ቆጥሮ ወደ ዙር ይለውጠዋል። ሦስት ሽቦ ብቻ ያለው ማራገቢያ ፍጥነቱ ይነበባል፤ መቆጣጠር የሚቻለው ግን ቮልቱን ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ሁለት ሽቦ ያለው ምንም ንባብ ስለማይልክ እየዞረ መሆኑን በዐይን ማረጋገጥ ይገባል።

ንባቡን ለማየት ቀላሉና ምንም ፕሮግራም የማይጠይቀው መንገድ ባዮስ ነው። ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ከተገባ በኋላ፣ «ሃርድዌር ሞኒተር» ወይም «ፒሲ ኸልዝ» በሚል ርእስ ሥር የፕሮሰሰሩ ሙቀትና የማራገቢያዎቹ ዙር ይገኛሉ። ጉድለቱ ሥራ ላይ ያለውን ሙቀት አለማሳየቱ ነው። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የግራፊክስ ካርድን ሙቀት ቢያሳይም የፕሮሰሰሩን አያሳይም። ለዚህ ኤችደብሊው ኢንፎ፣ ኮር ቴምፕና ሊብሬ ሃርድዌር ሞኒተር የተባሉት በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ያገለግላሉ። በሊኑክስ ደግሞ ኤልኤም ሴንሰርስ አለ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ወደ መሣሪያው ጥልቅ ክፍል ስለሚገቡ ከሰሪዎቻቸው ገጽ ብቻ ማውረድ ይገባል፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቅጂ መዘዙ ብዙ ነው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚዘረዘረው የቁጥር ብዛት ጀማሪን ያስደነግጣል። ከቁጥሮቹ አንዳንዶቹ ባዶ ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ዳሳሽ ያልተገጠመለት መስመር 127 ዲግሪ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ እንግዳ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ እውነተኛ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ አይገኝም ነበር። ሥራ ሲበዛም ሲቀንስም ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ቁጥር እንዲሁ አይታመንም። የማራገቢያ ዜሮም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። መሰኪያው ባዶ ከሆነ ዜሮ ይላል፤ ብዙ አዳዲስ ግራፊክስ ካርዶችም ካልሞቁ በቀር ማራገቢያቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ዜሮ ካለ ግን ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

ይበልጥ የሚጠቅመው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን በክፍሉና በፕሮሰሰሩ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማራገቢያ የክፍሉን አየር ከማንቀሳቀስ ውጭ አየሩን አያቀዘቅዝም። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር 40 ቢያሳይ ልዩነቱ 18 ነው። ያው ኮምፒውተር ክፍሉ 37 ዲግሪ በሚሞላበት መተማ ቢቀመጥ 55 አካባቢ ያሳያል፤ ይህም የጤና ነው። በአንጻሩ ደብረ ብርሃን ላይ በ16 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያለ ሥራ 55 ካሳየ ልዩነቱ 39 ደርሷልና መፈተሽ አለበት። ኮምፒውተሩ እንደጸዳ ልዩነቱን ሥራ ሳይኖርና ከባድ ሥራ ላይ ለክቶ፣ ከማራገቢያው ዙር ጋር በወረቀት ጽፎ በሳጥኑ ጎን መለጠፍ ለወደፊቱ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ዙሩ ከቀድሞው ጨምሮ ሙቀቱም ከጨመረ ችግሩ አቧራ ወይም የደረቀ ፔስት ነው። ሙቀቱ ጨምሮ ዙሩ ከቀነሰ የደከመው ራሱ ማራገቢያው ነው፤ መንሲጥሲጥ ወይም መንገጫገጭ ይቀድመዋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ዳር 1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ገደማ፣ 2 ሺህ 800 ሜትርን ባለፈችው ደብረ ብርሃን ደግሞ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር በተመሳሳይ ዙር የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን ስለሚያካክሰው ችግሩ ጎልቶ አይወጣም፤ በር ተዘግቶ ብዙ ኮምፒውተሮች በሚሠሩበት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ግን ይታያል።

በአካባቢያችን ዋናው ጠላት አቧራ ነው። በበጋው ወራት ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣው አቧራ በሙቀት መምጠጫው ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ከሆነ ዱቄቱም ይጨመራል። ከአቧራ ለመከላከል ተብሎ ሥራ ላይ ባለ ኮምፒውተር ላይ ዳንቴል ወይም ላስቲክ ማልበስ አየሩን ስለሚዘጋ ጉዳቱ ይብሳል፤ ማልበስ የሚገባው ከጠፋ በኋላ ነው። ሳጥኑን ከመሬት አንሥቶ በጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳውም ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቆ ማስቀመጥ ዋጋ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ሲጸዳ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። በብሎወር ሲነፋ ማራገቢያውን በጣት ወይም በስንጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋሱ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ሙቀት መምጠጫው ከተነሣ አሮጌው ፔስት ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ጠብታ ይደረጋል፤ ማብዛቱ አይጠቅምም። ፓወር ሰፕላዩ ተነቅሎም ቢሆን አደገኛ ቮልት ሊይዝ ስለሚችል ከውጭ ብቻ ይነፋል እንጂ አይከፈትም። በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የእርሱ ማራገቢያ በየትኛውም ፕሮግራም አይነበብም፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ በስተኋላ እጅን አቅርቦ ነፋሱን ማዳመጥ ግድ ይላል።