በገዛ ዘቡ ላይ የተነሣ ሰውነት

ሰውነት ከጠላት የሚጠበቅበት ኃይል አንዳንድ ጊዜ በባለቤቱ ላይ እንደሚዞር በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸው ኃይል በኩላሊት ረቂቅ የደም ሥሮች ላይ ደምን እንዴት እንደሚያረጋ ለመረዳት ግን ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጅቷል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1924 ዓ.ም. ኢላይ ሞሽኮዊትዝ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም፣ በአጭር ሕመም የሞተች የ16 ዓመት ልጃገረድ ረቂቅ የደም ሥሮች በረጋ ደም ተደፍነው ማግኘቱን ገለጸ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ስዊሳዊው ኮንራድ ጋሰርና ባልደረቦቹ ቀይ የደም ሕዋሳታቸው የተሰባበረ፣ ፕላትሌታቸው ያነሰና ኩላሊታቸው የደከመ አምስት ሕፃናትን ጠቅሰው በሽታውን ሄሞሊቲክ ዩሪሚክ ሲንድሮም አሉት። በብዙ ሕፃናት ዘንድ መነሻው የአንጀት ባክቴሪያ መርዝ መሆኑ በ1980ዎቹ ታወቀ፤ ተቅማጥ ሳይቀድመው አዋቂዎችን ጭምር የሚይዘው ዓይነት ምክንያት ግን ገና እንደ ተሰወረ ነበር።

ፍንጩ የተገኘው ከኮምፕሊመንት ጥናት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዡል ቦርዴ መኖሩን ያሳየውና ፓውል ኧርሊኽ ስም ያወጣለት ይህ የደም ፕሮቲኖች ስብስብ፣ አንቲቦዲን እየረዳ ባክቴሪያን ያፈርሳል። ልጓም ካልተበጀለት ግን የገዛ ሕዋሳትንም አይምርም። ከልጓሞቹ ዋነኛው ፋክተር ኤች የተባለው ፕሮቲን ነው። በ1981 ዓ.ም. ይህ ፕሮቲን የጎደለው ሕፃን በዚሁ በሽታ መያዙ ተዘገበ፤ በ1998 ዓ.ም. የኒውካስል ተመራማሪዎች ጉድለቱ በዘር እንደሚተላለፍ አረጋገጡ።

በ2005 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የቀረበው ጥናት አዲስ በር ከፈተ። ከተመረመሩት 48 ሕፃናት በሦስቱ ደም ውስጥ ፋክተር ኤችን የሚወጋ አንቲቦዲ ተገኘ። ዘቡ አለ፤ ነገር ግን በወገኑ እጅ ታስሯል። አንቲቦዲው በአብዛኛው የሚይዘው ፕሮቲኑ ሕዋስን የሚጨብጥበትን ጫፍ ስለ ሆነ፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ያለ ጠባቂ ይቀራል። በሽታው በልጆች ላይ ቢበዛም አዋቂዎችንም እንደሚይዝ ከዚያ ወዲህ ታውቋል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በዘር የመጣ ጉድለት ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ አንቲቦዲ ግን ፕላዝማን በመለወጥና የመከላከያውን ኃይል በሚያለዝቡ መድኃኒቶች ሊቀነስ ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈቀደው ኤኩሊዙማብም ኮምፕሊመንቱን ይገታል፤ የአንቲቦዲውን ምንጭ ግን አያደርቅም። ስለዚህ በሽታው የተጠረጠረበት አዋቂ ፕላዝማው ከመለወጡ አስቀድሞ ለዚህ ምርመራ ደም ሊቀዳለት፣ ኩላሊት የሚተካለትም ከሆነ የአንቲቦዲው መጠን አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። አለዚያ አዲሱም ኩላሊት የፊተኛው ዕጣ ሊደርሰው ይችላል።