ዲጂታል የመኪና ቁልፍ

ዲጂታል የመኪና ቁልፍ የመኪናን በር ለመክፈት፣ ለመቆለፍና መኪናውን ለማስነሳት በስማርትፎን ወይም በስማርት ሰዓት ውስጥ የሚቀመጥ ምስጢራዊ መረጃ ነው። ስልኩ ከመኪናው ጋር በአጭር ርቀት የሬዲዮ ሞገድ ይነጋገራል፤ መኪናው የስልኩን ማንነት ካረጋገጠ በኋላ ይከፈታል። የብረት ቁልፍ ሲጣመም ወይም ሲሰበር በዓይን ይታያል። ዲጂታል ቁልፍ ግን እምቢ ሲል በሩ ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ይህ መጣጥፍ ከታሪኩ ይልቅ አሠራሩ ላይና ቁልፉ በማይሠራበት ጊዜ ችግሩ የት እንዳለ በሚለይበት መንገድ ላይ ያተኩራል።

ታሪክ

ስልክን እንደ ዋና ቁልፍ በሰፊው ያስተዋወቀው ቴስላ ሞዴል 3 ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2017 ለደንበኞች መድረስ ሲጀምር የተለመደው ሪሞት አብሮት አልመጣም፤ የዕለት ተዕለት ቁልፉ በብሉቱዝ የሚሠራው የባለቤቱ ስልክ ሲሆን፣ ለመጠባበቂያ የባንክ ካርድ የሚመስል ካርድ ይሰጥ ነበር። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸውን ዘዴ መሥራት ጀመሩ። ይህ እንዳይበታተን የመኪናና የስልክ አምራቾች የተሰባሰቡበት ካር ኮኔክቲቪቲ ኮንሶርቲየም የተባለው ማኅበር ዲጂታል ኪ የሚባለውን የጋራ ደረጃ አወጣ። የመጀመሪያው እትም በ2018፣ በኤንኤፍሲ የሚሠራው ሁለተኛው በ2020፣ ብሉቱዝንና አልትራ ዋይድባንድን የጨመረው ሦስተኛው ደግሞ በ2021 ወጡ። አፕል አገልግሎቱን በጁን 2020 ያስታወቀው ከቢኤምደብሊው ጋር ሲሆን፣ ጉግል በ2021 ከአንድሮይድ 12 ጋር ተከተለ።

አሠራር

ቁልፉ ሲመዘገብ ስልኩ ሁለት ተዛማጅ ቁጥሮችን ይፈጥራል። አንደኛው ምስጢራዊ ሲሆን ሴኪዩር ኤለመንት በሚባለው፣ የባንክ ካርድ መረጃም በሚቀመጥበት ልዩ ቺፕ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ሁለተኛው ግልጽ ቁጥር ለመኪናው ይሰጣል። ስልኩ ወደ መኪናው ሲቀርብ መኪናው በየጊዜው የሚለዋወጥ ጥያቄ ይልካል፤ ስልኩ ጥያቄውን በምስጢራዊው ቁጥር ፈርሞ ይመልሳል፤ መኪናው ደግሞ ፊርማውን በግልጹ ቁጥር ይመረምራል። ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ አይተላለፍም። በጋራ ደረጃው ላይ የተመሠረተ ቁልፍ ከተመዘገበ በኋላ በሩን ለመክፈት ኢንተርኔት የማያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ምርመራው በስልኩና በመኪናው መካከል ብቻ ያልቃል።

የመልእክቱ መጓጓዣ ሦስት ዓይነት ነው። ኤንኤፍሲ በ13.56 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ርቀቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ስልኩን በበሩ እጀታ ላይ ማስጠጋት ይጠይቃል። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብዙ ሜትር ድረስ ይደርሳል፤ ስልኩ ከኪስ ሳይወጣ በሩ ሊከፈት ይችላል። አልትራ ዋይድባንድ ሞገዱ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ሞገዱ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ መኪናው ስልኩ ከበሩ ውጭ ይሁን ከመሪው አጠገብ ለመለየት ይችላል።

ብልሽትን መለየት

ብዙ ጊዜ የሚምታታው ነገር ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች በአንድ መተግበሪያ ውስጥ መኖራቸው ነው። በመተግበሪያው ላይ «ክፈት» የሚለውን ምልክት ሲነኩ በብዙ መኪኖች ትእዛዙ ከስልኩ ወደ አምራቹ ሰርቨር፣ ከሰርቨሩም በመኪናው ውስጥ ወዳለው ሲም ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ከተቋረጠ፣ ለምሳሌ መኪናው ኔትወርክ በማይደርስበት ምድር ቤት ፓርኪንግ ከቆመ፣ ትእዛዙ አይደርስም። ትክክለኛው ዲጂታል ቁልፍ ግን ሰርቨሩን አያውቀውም፤ በቀጥታ ከመኪናው ጋር ይነጋገራል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የተቋረጠው የትኛው መንገድ ነው?» የሚለው ነው። በመተግበሪያው አልከፍት ያለ ስልክ እጀታው ላይ ሲያስጠጉት ሊከፍት ይችላል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኖቬምበር 19 ቀን 2021 የቴስላ ሰርቨር መቋረጥ ነው። በተለያዩ አገሮች ያሉ ባለቤቶች መተግበሪያው የስህተት ቁጥር 500 እያሳየ መኪናቸውን መክፈት እንዳልቻሉ ገለጹ። ካርዱን በኪሱ የያዘ ሰው ግን በፊትና በኋላ በሮች መካከል ባለው ምሰሶ ላይ አስጠግቶ መግባት ይችል ነበር። ካርዱን ቤት ጥሎ በስልክ ብቻ መውጣት የሚለመደው ስልኩ ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ ነውና፣ አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

ኤንኤፍሲ ሲያስቸግር

እጀታው ላይ ሲያስጠጉት ምንም የማይሰማ ከሆነ በብዛት ምክንያቱ የስልኩ አቀማመጥ ነው። የኤንኤፍሲ አንቴና በአይፎን ከላይኛው ጫፍ ሲገኝ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በጀርባው መሃል ወይም በካሜራው አካባቢ ነው። ስልኩን በፍጥነት ማወዛወዝ አይጠቅምም፤ አስጠግቶ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ያለ እንቅስቃሴ መያዝ ይሻላል። የብረት ከቨር፣ ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ፣ ወይም የባንክ ካርድ የሚከተትበት ከቨር ሞገዱን ያግዳሉ። ካርዶቹም ራሳቸው ለጥያቄው መልስ ስለሚሰጡ አንባቢውን ያደናግራሉ። ከቨሩን አውልቆ መሞከር ከማንኛውም ሌላ ሙከራ መቅደም አለበት፤ ምንም አያስከፍልም።

ጀርባው ወይም ስክሪኑ በተቀየረ ስልክ ላይ አንቴናው በትክክል ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል። ይህን ለመለየት ስልኩን በሌላ የኤንኤፍሲ ካርድ ላይ ማስነበብ በቂ ነው። ካርዱን ካነበበ ችግሩ በመኪናው ወይም በቁልፉ በኩል ነው፤ ካላነበበ የስልክ ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ይሻላል። ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ብዙ ስልኮች ከመጀመሪያውም ኤንኤፍሲ እንደሌላቸውም መዘንጋት የለበትም።

ብሉቱዝ ሲያስቸግር

የብሉቱዝ ቁልፍ የሚበላሸው በአብዛኛው በሬዲዮው ሳይሆን በስልኩ ሶፍትዌር ነው። ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከበስተጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ይዘጋሉ፤ የመኪናው መተግበሪያ ከተዘጋ ደግሞ ባለቤቱ ሲቀርብ መኪናውን የሚያናግር የለም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በሩ አይከፈትም፣ ነገር ግን ስልኩን አውጥቶ መተግበሪያውን ሲከፍቱት ወዲያው ይሠራል። መፍትሔው በአንድሮይድ መተግበሪያውን ከባትሪ ቁጠባ ነፃ ማድረግ፣ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ የመጣውን በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የማግኘት ፈቃድ መስጠት፣ በአይፎንም የቦታ ፈቃዱን «ሁልጊዜ» ማድረግ ነው። ክፍት መተግበሪያዎችን ሁሉ ወደ ላይ እየጠረጉ የማጥፋት ልማድ ያለው ሰው ቁልፉንም አብሮ እንደሚያጠፋ ማወቅ አለበት።

የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ የ2.4 ጊጋኸርዝን ሞገድ ይመጣል። ስለዚህ ስልኩ በኋላ ኪስ ሲሆን ከፊት ለፊት ያለው በር ላይሰማው፣ በእጅ ሲያዝ ግን ሊሰማው ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ብሉቱዙን አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያም ስልኩን አጥፍቶ ማስነሳት ይሞከራል። ቁልፉን ሰርዞ እንደገና መመዝገብ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ይህም ሲደረግ ከስልኩም ከመኪናውም መሰረዝ ይኖርበታል። ሁለቱም ወገኖች የድሮውን ትውውቅ መዝግበው ይይዛሉ፤ ከአንዱ ብቻ ሲሰረዝ ሌላው በድሮው ምስጢር መነጋገሩን ስለሚቀጥል ችግሩ እየባሰ ይሄዳል። መሰረዝ የሚቻለውም መኪናው ውስጥ ተገብቶና ሌላ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ ሲኖር ነው። በሩ በተቆለፈበት፣ ሌላ ቁልፍ በሌለበት ሁኔታ ቁልፉን ከስልኩ ላይ መሰረዝ ጭራሽ መግቢያ ያሳጣል።

የስልክ ባትሪ ሲያልቅ

የሚደግፉት የአይፎን ሞዴሎች ባትሪያቸው አልቆ ከጠፉ በኋላ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ቁልፉን በኤንኤፍሲ ሊያሠሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ስልኩ ከኪስ ሳይወጣ የሚሠራው ዘዴ ይቀራል፤ እጀታው ላይ ማስጠጋት ግድ ነው። በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ግን ከስልኩ ጋር አብሮ ይሞታል። ከገቡ በኋላም መኪናውን ለማስነሳት ስልኩን አምራቹ በወሰነው ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በቢኤምደብሊው ለምሳሌ ቦታው ስልክ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚደረግበት ትሪ ነው።

የመኪናው ባትሪ ሲሞት

ስልክ እየተቀያየረ፣ መተግበሪያ እየተጫነና እየተሰረዘ ቀኑ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው 12 ቮልት ባትሪ ሆኖ ሳለ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ትልቁ ባትሪ ሙሉ እያለ ትንሹ ሊሞት ይችላል፤ የበሩ መቆለፊያ፣ የኤንኤፍሲ አንባቢውና የብሉቱዝ መቀበያው ግን የሚሠሩት በትንሹ ነው። ስልኩም ካርዱም ሪሞቱም በአንድ ላይ እምቢ ካሉ ስልኩን መጠርጠር ትቶ ወደ ባትሪው መሄድ ነው።

ብዙ መኪኖች በሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ፣ በሾፌሩ በር እጀታ ላይም በክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አላቸው። ቴስላ ሞዴል 3 የቁልፍ ቀዳዳ የለውም፤ በፊት ፓራውልቱ ላይ ካለው የመጎተቻ መንጠቆ ክዳን ኋላ በሚገኙት ሁለት ሽቦዎች ከውጭ 12 ቮልት ሲሰጠው የፊት ኮፈኑ ይከፈታል፤ ከዚያ ባትሪውን ማግኘት ይቻላል። ይህ በሩን ራሱን አይከፍትም።

በተቆለፈ መኪና ውስጥ ሕፃን ካለ ይህ ሁሉ ሙከራ አይደረግም። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚግል፣ እርዳታ እየተጠራ ከሕፃኑ ራቅ ያለውን የጎን መስታወት መስበር ይቀድማል።

በኢትዮጵያ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ጨምሯል፤ ከእነሱ ጋርም የስልክ ቁልፍ መጥቷል። በአዲስ አበባ መንገዶች ከሚታዩት መካከል ለቻይና ገበያ የተሠሩ አሉ፤ ፎልክስዋገን አይዲ 6 አንዱ ነው። የቻይና ገበያ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ ለመመዝገብ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ሲምም ለዚያ አገር ኔትወርክ የተዘጋጀ ነው። በዚህ ምክንያት በሰርቨር የሚያልፈው መንገድ እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ይህን በመተግበሪያ ቅንብር ለማስተካከል መድከም ጊዜ ማጥፋት ነው። የኤንኤፍሲ ካርድ ግን አገር አይመርጥም፤ ከመኪናው ጋር አብሮ ከመጣ በየትም ቦታ ይሠራል። ገዢ ከአስመጪው ሲረከብ ካርዶቹንና የብረት ቁልፉን መቁጠር፣ መኪናው በማን አካውንት እንደተመዘገበም መጠየቅ ይገባዋል። አካውንቱ በሌላ ሰው ስም ከቀረ አዲሱ ባለቤት ቁልፍ መጨመርም መሰረዝም ላይችል ይችላል።

ደኅንነት

በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ዋና ድክመት የማስተላለፍ ጥቃት ነው። አንዱ ሌባ ከባለቤቱ አጠገብ፣ ሌላው ከመኪናው አጠገብ ሆነው የስልኩን ምልክት ያቀባብላሉ፤ መኪናውም ባለቤቱ የቀረበ ይመስለዋል። በሜይ 2022 ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች ይህን በቴስላ ሞዴል 3 ላይ አሳይተዋል። አልትራ ዋይድባንድ የሚለካው ጊዜን ስለሆነ ማቀባበሉ የሚጨምረው መዘግየት ርቀቱን ያጋልጣል። አልትራ ዋይድባንድ በሌለበት መኪና ከመነሳቱ በፊት የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ቴስላ ይህን አማራጭ ያቀርባል።

ስልክ ሲቀየር፣ ሲጠፋና መኪና ሲሸጥ

ምስጢራዊው ቁጥር ከቺፑ ስለማይወጣ የድሮው ስልክ መረጃ ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ፎቶና የስልክ ቁጥር ይመጣል እንጂ ቁልፉ አብሮ አይገለበጥም፤ አዲሱ ስልክ የራሱን ቁልፍ ማግኘት አለበት። ድሮውን ስልክ ከመሸጥ ወይም ከማጽዳት በፊት አዲሱ በሩን ከፍቶ መኪናውን ማስነሳቱን በተግባር ማየት ያስፈልጋል። ስልክ ሲጠፋ ቁልፉ ከሌላ መሣሪያ በአካውንቱ በኩል፣ ወይም በመኪናው ስክሪን ላይ ይሰረዛል። ለቤተሰብ የተጋራ ቁልፍም እንዲሁ ለየብቻው ይሰረዛል፤ የአንዱ መሰረዝ ሌሎቹን አይነካም። መኪና ሲሸጥ ደግሞ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ቁልፉን ከመኪናው አያጠፋም። ሻጩ በመኪናው ስክሪን ላይ ካሉት የቁልፎች ዝርዝር ሁሉንም ሰርዞ አካውንቱን ማላቀቅ፣ ገዢውም ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ መረከብ አለበት።