የአምስት ሴኮንድ መታሰቢያ

የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አንድ አሮጌ ጌም ይጫወታል። እኔም መጽሐፍ ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ዓይኔ ግን ከገጹ እያፈተለከ ወደ እርሱ እጅ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትእዛዝ ብልጭ ትላለች፤ ከሥር የቦምብ ክር ይነድዳል፤ ልጁ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ አለቀ። ወዲያው ሌላ ይተካል። ከእነዚህ መካከል በአንዱ አንድ እንግዳ ማሽን ኳስ ወረወረ፤ ልጁም መትቶ አለፈ።

«ያ ማሽን ምን ነበር?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄ አጎቴ! አለፈ እኮ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

እኔን ግን አላለፈኝም። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምተርክላችሁ ያ ማሽን ወዴት እንደወሰደኝ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌሙ ዋሪዮዌር ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2003 ጌም ቦይ አድቫንስ ለተባለችው የእጅ መጫወቻ ያወጣው ነው። በውስጡ ከ200 የሚበልጡ ጥቃቅን ጨዋታዎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ዕድሜ አምስት ሴኮንድ ያህል ቢሆን ነው። ጨዋታዎቹ ለተለያዩ ገጸ ባሕርያት ተከፋፍለዋል። ከእነዚህ አንዱ ናይን ቮልት የተባለ፣ የኒንቴንዶን አሮጌ ዕቃዎች እንደ ነፍሱ የሚወድ ልጅ ነው። በእርሱ ክፍል የሚመጡት ሁሉ የኩባንያው የቀድሞ ሥራዎች ቁራጮች ናቸው። በ1983 በጃፓን የወጣው ፋሚኮም የነገሠበት ዘመን፣ ማሪዮ፣ ዜልዳ፣ የዳክዬ አደኑም፣ በአምስት በአምስት ሴኮንድ ተቆርጦ ያልፋል። ከእነርሱ ጎን፣ ኒንቴንዶ የቪዲዮ ጌም ሥራ ሳይጀምር በፊት የነበረ የፕላስቲክ መጫወቻም አለ። ያ ኳስ ወርዋሪ ማሽን እርሱ ነው፤ ስሙም አልትራ ማሽን። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለጃፓን ልጆች የተሸጠ፣ ቤት ውስጥ ቤዝቦል ለመጫወት የሚያስችል፣ ለስላሳ ኳሶችን እየወረወረ በዱላ የሚያስመታ ዕቃ ነበር።

የሠራው ሰው ጉንፔ ዮኮይ ይባላል።

ዮኮይ በ1941 ተወልዶ ኤሌክትሮኒክስ ካጠና በኋላ በ1965 ኒንቴንዶ ተቀጠረ። ኒንቴንዶ ያን ጊዜ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የተመሠረተ የካርታ ፋብሪካ ነበር፤ ሃናፉዳ የሚባለውን፣ አበባ የተሣለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ ያትም ነበር። የወጣቱ ሥራ የማተሚያ ማሽኖቹን መጠገን ነው። ማሽን ካልተበላሸ ጠጋኝ ሥራ የለውም። እናም ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል፣ ሲጨምቁት የሚረዝም፣ ሲለቁት የሚሰበሰብ የመያዣ እጅ ሠራ። የኩባንያው ኃላፊ ሂሮሺ ያማኡቺ በጉብኝት ላይ ሳለ አየው። በሥራ ሰዓት ሲጫወት የተያዘ ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ያማኡቺ ግን ለገበያ እንዲያዘጋጀው አዘዘው። አልትራ ሃንድ ተብሎ በ1966 ወጣ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። አልትራ ማሽንም የተከተለው በዚሁ መንገድ ነው።

ዮኮይ በኋላ ላይ ለአሠራሩ ስም ሰጥቶታል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «የጠወለገ ቴክኖሎጂን በአዲስ ጎን ማየት» እንደ ማለት ነው። የጠወለገ ያለው አዲስነቱ ያለፈበትን፣ ዋጋው የረከሰውን፣ ጠባዩ ተለይቶ የታወቀውን ዕቃ ነው። በባቡር ሲሄድ አንድ የቢሮ ሠራተኛ በካልኩሌተር ቁልፎች ሲጫወት ማየቱ ሐሳብ እንደሰጠው ይነገራል። የካልኩሌተር ስክሪን ያን ጊዜ ብርቅነቱ አልፎ ረክሶ ነበር። ከእርሱም በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተባለችው፣ ጨዋታም ሰዓትም የሆነች የኪስ መጫወቻ ወጣች። ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። በ1982 ከወጣችው አንዷ ላይ ዮኮይ መስቀል መሰል አቅጣጫ ጠቋሚ ቁልፍ አደረገ። የእህቴ ልጅ ግራ አውራ ጣት ያን ዕለት ያረፈው በዚያው ቁልፍ ዘር ላይ ነበር።

በ1989 ጌም ቦይ ስትወጣም ስክሪኗ ቀለም አልነበረውም። ተፎካካሪዎቿ በቀለም አሸብርቀው መጡ፤ ባትሪውንም ቶሎ ቶሎ ይበሉት ነበር። ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ለረጅም ሰዓታት ትሠራ ነበርና ረታቻቸው፤ ቀለም ካገኘችው ታናሽ እኅቷ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። እኔ ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ የሚገርመኝ የሰውየው ትዕግሥት ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ አዲሱ ሲሮጥ የተጣለውን ጎንበስ ብሎ ማንሣት።

ከዚያ ወደቀ። በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ ፊት ላይ ተደግኖ የሚታይ፣ ዓለሙን በቀይና በጥቁር ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ጠፋ። ዮኮይ በ1996 ኒንቴንዶን ለቀቀ። ሰዎች ሁለቱን ማያያዝ ይወዳሉ፤ እርሱ ግን መልቀቁን አስቀድሞ አስቦበት እንደነበር ተናግሯል። የራሱን ኩባንያ አቁሞ ዋንደርስዋን የተባለች ሌላ የእጅ መጫወቻ ላይ መሥራት ጀመረ፤ በአንዲት ባትሪ ብቻ የምትሠራ፣ ያለ ቀለም። አላያትም። ጥቅምት መባቻ 1997 በመኪና መንገድ ላይ ግጭት ደርሶ ከመኪናው በወረደበት ሌላ መኪና ገጭቶ ገደለው። ዕድሜው 56 ነበር። ዋንደርስዋን በ1999 ወጣች፤ ከጨዋታዎቿም አንዱ በስሙ ጉንፔ ተባለ።

አሁን ወደ ሶፋው ልመለስ። ዋሪዮዌርን የሠራው የኒንቴንዶ የምርምርና ልማት ክፍል አንድ ነው፤ ዮኮይ ለረጅም ዓመታት የመራው ክፍል። ሰውየው በሞተ በስድስተኛው ዓመት የቀድሞ ቤቱ ሰዎች የወጣትነት ማሽኑን አንሥተው ኳሱን መልሰው አስወረወሩት። የቨርቹዋል ቦይ ጨዋታ እንኳ ከናይን ቮልት ስብስብ አልቀረም፤ ውድቀቱም ከድሉ እኩል አምስት ሴኮንድ ተመድቦለታል። በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ የሠሪው ስም የለም። ቅኔ ቤት ባልገባም፣ ሰሙን ለልጁ ሰጥተው ወርቁን ለሚያውቅ ብቻ እንዳስቀመጡት ይሰማኛል። እኔም ወርቁን ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ያውም በመጠየቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው ጌሙን አቁሞ አዳመጠኝ። የያማኡቺና የጠጋኙ ነገር አሳቀው። ሞቱ ላይ ስደርስ ዝም አለ። ከዚያ ፍለጋ ገባ፤ ጥቃቅኖቹ ጨዋታዎች አንድ በአንድ የሚከማቹበትን ገጽ ከፍቶ ማሽኑን አገኘውና ለእኔ አቀበለኝ።

ኳሱ መጣ። ሳትሁት።

«ቶሎ ነው እንጂ አጎቴ» አለኝ፤ «እንደገና ልክፈትልህ።»