የሽዋን ሕዋስ

የሽዋን ሕዋስ ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ባሉ ነርቮች ላይ ማይሊን የተባለውን ቅባታማ ሽፋን የሚሠራ ሕዋስ ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ሽዋን (1810–1882 እ.ኤ.አ.) ነው። የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያስተላልፍበት አክሰን የተባለ ቀጭን ዘንግ አለው፤ ከወገብ ተነሥቶ እግር የሚደርሰው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ የሽዋን ሕዋስ ከዚህ ርዝመት የሚሸፍነው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕዋሳቱ በሰልፍ ተደርድረው እያንዳንዱ በድርሻው ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል። በመካከላቸው የሚቀሩት ክፍተቶች የራንቪየር አንጓዎች ይባላሉ። የሶዲየም ማስገቢያ በሮች የተከማቹት እዚያ በመሆኑ ኤሌክትሪካዊው ምልክት ከአንጓ ወደ አንጓ እየዘለለ ይጓዛል፤ በወፍራም አክሰኖች ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ማይሊን በሌላቸው ግን 2 ሜትር እንኳ የሚሞላው በጭንቅ ነው። በአንጎል ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ኦሊጎደንድሮሳይት ሲሆን፣ አንዱ ብዙ አክሰኖችን ይሸፍናል።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ መርጦ የሚሰፍረው በሽዋን ሕዋስ ውስጥ ነው። ነርቩ ሲጎዳ ስሜት ይጠፋል፤ ሕመምተኛው የጋለ ድስት ጨብጦ እጁ ሲቃጠል አይሰማውም። ጣትን የሚያሳጣውም በአብዛኛው እንዲህ ያለ ሳይሰማ የከፋ ቁስል ነው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ዘግይቶ ከታወቀ ግን የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል።