ዳሎል ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም?

ከሸዋሮቢት ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ስትወርዱ የይፋት ቆላ አልቆ የአፋር ምድር ይጀምራል። ያንን ዝቅተኛ ምድር ይዛችሁ ሩቅ ወደ ሰሜን ብትጓዙ ዳናክል ትደርሳላችሁ። እዚያ ያለው ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ጊዜ ቀይ ባሕር ይገባበት ነበር፤ ውሃው ተንኖ ጨው ቀረ። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌም የሚቆረጠው ከዳናክል ነው።

ዳሎልን ልዩ የሚያደርገው ሙቀት፣ ጨውና አሲድ አንድ ላይ መገናኘታቸው ነው። ከምንጮቹ የሚወጣው ውሃ እስከ 108 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ደግሞ ዜሮ አካባቢ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው። ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ አሲዱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ዳሎል ከሎሚ 100 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚኖር ነገር አለ?

ሙቀት ብቻውን ሕይወትን አያግድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ተመራማሪዎች ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል፣ ፍል ውሃ ከሚወጣበት ስንጥቅ የተገኘች ረቂቅ ተሕዋስ በ122 ዲግሪ እንደምትራባ አሳይተዋል። ስሟ ሜታኖፓይረስ ካንድለሪ ነው። ባክቴሪያ ብትመስልም አርኬያ የሚባለው ሌላ ወገን ናት። ጨውን ብቻ ወይም አሲድን ብቻ የሚችሉም ብዙ ናቸው።

የዳሎል ጉዳይ ግን አከራክሯል። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራ ቡድን በዳሎል እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በፈረንሳይ የምትሠራው ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያለችበት ቡድን ደግሞ በተቃራኒው መጣ፦ በአካባቢው ጨዋማ ቦታዎች አርኬያ ሞልቷል፤ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት የለም። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉት ብዙዎቹ ክብ ክብ ነገሮች የሲሊካ ማዕድን ናቸው። የተገኘው ጥቂት ዲኤንኤም ከጎብኚ ሰው፣ ከነፋስና ከላብራቶሪ ዕቃ የመጣ ሊሆን ይችላል ብለዋል።

ይሄ ለእኛ ምን ያደርጋል? አንደኛ፣ ሙቀት የሚችሉ ተሕዋስያን ሕክምናን ቀይረዋል። የኮሮና ምርመራ የተደረገበት ፒሲአር መነሻው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ የተገኘች ባክቴሪያ ኢንዛይም ነው። ሁለተኛ፣ ማርስ ላይ ሕይወት የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ውሃ ነው። የዳሎል ኩሬዎች ግን ውሃ መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያስተምራሉ።

ስለዚህ «ዳሎል ላይ ሕይወት ተገኘ» የሚል ፖስት ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቱ ውሃ ውስጥ? ጨው ሜዳው ዳር ያለው ሐይቅና አረንጓዴ ቢጫው ኩሬ አንድ አይደሉም።